ማኑኤል ሞንድራጎን፡ ሀገሩ ያልሠራችው የሜክሲኮ ጠመንጃ ነዳፊ

የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራ ሽጉጥ ሲያፈላልጉ አብዝተው የሚመኙት ኦብሬጎን የተባለውን ነው። በ1930ዎቹ በሜክሲኮ ከተማ አንድ ሺህ ያህል ብቻ ተሠርቷል። መልኩ ከአሜሪካው ኮልት ጋር ስለሚመሳሰል የሚለየው በጎኑ በተቀረጸው የነዳፊው ስምና 11.35 ሚሊ ሜትር በሚለው ጽሑፍ ነው። ከእርሱ ቀድሞ ስሙ የገነነው የሜክሲኮ ጠመንጃ ግን በሜክሲኮ አልተሠራም። የነደፉት ጄኔራል ማኑኤል ሞንድራጎን ናቸው።

ሞንድራጎን በ1859 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢክስትላዋካ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በጦር አካዳሚ ተምረው የመድፍ መኮንን ሆኑ። ዘመኑ የፕሬዝዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ ሲሆን፣ ሀገሪቱ መሣሪያዋን በብዛት የምትሸምተው ከባሕር ማዶ ነበር። መኮንኑ ግን ሠራዊቱ በሀገር ልጅ የተነደፈ መሣሪያ እንዲታጠቅ ተጉ። በፈረንሳይ የተሠራ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይበልጥ ያስጠራቸው ጠመንጃው ነው። በዚያን ጊዜ ወታደር አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር መቀርቀሪያውን በእጁ ስቦ ቀለሁን ማውጣት፣ ሌላም ማጉረስ ነበረበት። ሞንድራጎን ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ በበርሜሉ ቀዳዳ ወጥቶ ፒስተን እንዲገፋ፣ ፒስተኑም መቀርቀሪያውን እንዲከፍት አደረጉ። ጋዙ ከተዘጋ መሣሪያው እንደ ቀድሞው በእጅ ይሠራል። ሜክሲኮ በ1908 ስትቀበለው ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ለሠራዊት ከመረጡ የመጀመሪያዎቹ ሀገራት አንዷ ሆነች፤ በፕሬዝዳንቱም ስም ሰየመችው።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ የሚችል ፋብሪካ ግን በሀገር ውስጥ አልነበረም። 4 ሺህ ጠመንጃ ለስዊዘርላንዱ ሲግ ፋብሪካ ታዘዘ። ዋጋው ከበደ፤ ጥቂቱ ብቻ እንደደረሰ አብዮቱ ፈነዳ፣ ዲያዝም በ1911 ከሥልጣን ወረዱ። የቀረውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ገዛችው። በምሽግ ጭቃ ስለሚያስቸግር ለአውሮፕላን ጓዶች ተሰጠ፤ በሰማይ ጭቃ የለምና።

ሞንድራጎን በበኩላቸው አፈሙዛቸውን ወደ ሀገራቸው አዞሩ። በየካቲት 1913 በተመረጡት ፕሬዝዳንት ፍራንሲስኮ ማዴሮ ላይ ያመፀ ጦር መርተው ታሳሪ የነበሩትን ቤርናርዶ ሬየስንና ፌሊክስ ዲያዝን አስፈቱ። ሬየስ በዚያው ቀን ሲገደሉ፣ ሌሎቹ ዓማፅያን የመዲናዋን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ያዙ። ከዚያም በአሥሩ የመከራ ቀናት መድፍ በከተማዪቱ መካከል ተተኮሰ፤ በጦርነቱ እጃቸው የሌለበት ብዙ ሰላማውያን በየጎዳናው ወደቁ። ማዴሮ ከሥልጣን ተወግደው የካቲት 22 ቀን ተገደሉ። ለዚህ ጥፋት የጠመንጃው ዝና ማካካሻ አይሆንም።

አዲሱ ገዥ ቪክቶሪያኖ ዌርታ ሞንድራጎንን የጦር ሚኒስትር አደረጓቸው፤ ሹመቱ ግን ከጥቂት ወራት አላለፈም። ከሀገር ወጥተው በ1922 በስፔን ሳን ሴባስቲያን አረፉ። ናዊ ኦሊን በሚል ስም የምትታወቀው ልጃቸው ካርመን ሠዓሊና ገጣሚ ሆናለች።