ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር እና የሰሜን ኢትዮጵያ የግጦሽ ሣሮች

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅሉ ሣሮችና ለግጦሽ የሚውሉ ቅጠላ ቅጠሎች ሳይንሳዊ ስያሜ ያገኙት በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ለስያሜው መሠረት ከሆኑት የደረቁ ናሙናዎች መካከል ከፍተኛውን ድርሻ ከያዙት አንዱ የጀርመናዊው ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር ስብስብ ነው። ሺምፐር በሙያው ዕፅዋት ሰብሳቢ እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ አብዛኞቹን ስያሜዎችም ያወጡት በአውሮፓ ተቀምጠው ናሙናዎቹን የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንት ናቸው። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱን ናሙና ቦታና ጊዜ መዝግቦ በመተዉና አንዱን ተክል በብዙ ቅጂ በማዘጋጀቱ፣ ሥራው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም የምርምር ማስረጃ ሆኖ ሊያገለግል ችሏል። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱንና የዚህን ማስረጃ ጥንካሬና ውስንነት ይዳስሳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺምፐር በ1804 በባቫርያ ተወለደ። ቤተሰቡ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የበዙበት ነበር፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ካርል ፍሪድሪሽ ሺምፐር ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ ነው። ቪልሄልም በወጣትነቱ በውትድርና ካገለገለ በኋላ ፊቱን ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዞረ። የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን ዩኒዮ ኢቲኔራሪያ ከተባለው ማኅበር ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። ይህን የጉዞ ማኅበር በጀርመን ኤስሊንገን ከተማ የመሠረቱት ክርስቲያን ፈርዲናንድ ሆክሽቴተርና ኤርንስት ጎትሊብ ፎን ሽቶይደል ሲሆኑ፣ አሠራሩ ቀላል ነበር። አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በገንዘቡ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ የተሰበሰበው ተክል ደርቆና ቁጥር ተሰጥቶት ለአባላቱ በየድርሻቸው ይከፋፈላል። ሺምፐር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ማኅበር ወደ አልጄርያ ተጓዘ፤ ቀጥሎም በግብፅ፣ በሲናና በዐረብ ምድር ሰበሰበ። በ1837 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

በዚያን ጊዜ ትግራይና ስሜን በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ ነበሩ። ሺምፐር መቀመጫውን በዐድዋ አድርጎ በሶሎዳ ተራራና በአካባቢው ሜዳዎች፣ ከዚያም በስሜን ተራሮች ሥራውን ቀጠለ። በተመሳሳይ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፈረንሳውያን የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ካርቲን ዲዮንና አንትዋን ፔቲ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ የመጀመሪያው በንዳድ ሞተ፣ ሁለተኛውን በ1843 በዓባይ ወንዝ አዞ ወሰደው። የሺምፐር ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ የደጃዝማች ውቤንም አመኔታ አግኝቶ በ1840ዎቹ የእንትጮ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። የጉዞ ማኅበሩ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሲዳከም የሺምፐር ኑሮ ያልተናጋው በአብዛኛው በዚህ ሹመት ምክንያት ነው። እንደ መንገደኛ ሰብሳቢ አንድን ቦታ በአንድ ወቅት ብቻ ዐይቶ የማለፍ ግዴታም አልነበረበትም። የአንድን መስክ ክረምትና በጋ በየዓመቱ ለማየት የቻለ ነዋሪ ሆነ።

ይህ ነዋሪነት ለሣር ጥናት ልዩ ጥቅም አለው። አንድን የሣር ዝርያ ከሌላው ለመለየት ቅጠሉ ብቻውን አይበቃም፤ የአበባው አቀማመጥና የጥቃቅን ዛላዎቹ ቅርጽ መታየት አለበት። በሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ሣር የሚያብበው ክረምቱ ወጥቶ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ከብት የበዛበት መስክ ላይ ደግሞ ሣሩ ሳያብብ ይጋጣል። ስለዚህ ሙሉ ናሙና የሚገኘው ትክክለኛውን ወርና ከከብት አፍ የተረፈውን ቦታ፣ ማለትም ገደሉን፣ የእርሻ ድንበሩንና የቤተ ክርስቲያን ቅጥሩን፣ ለሚያውቅ ሰው ነው።

የሺምፐር ናሙናዎች በኤስሊንገን ቁጥርና የታተመ ቅጠል ወረቀት ተደርጎላቸው ወጡ። የመጀመሪያው ክፍል፣ የዐድዋ ዕፅዋት ተብሎ፣ በ1840 ተሠራጨ፤ ሁለተኛው በ1842 ተከተለ። በወረቀቱ ላይ የተሰበሰበበት ቦታና ወር፣ ብዙ ጊዜም አካባቢው ምን ዓይነት እንደሆነ ሰፍሯል። በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር በርካታ ቅጂዎች ስለነበሩ አንድ የስሜን ሣር በአንድ ጊዜ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቪየናና በጄኔቫ ሊገኝ ቻለ።

ከእነዚህ ቅጂዎች ተጠቃሚ ከሆኑት ዋነኛው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው። ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፉ የዲዮንንና የፔቲን ስብስብ ከሺምፐር ናሙናዎች ጋር አጣምሮ መረመረ። ዛሬ ከብዙ የኢትዮጵያ ሣሮች ስም በስተኋላ ሆክሽቴተርና ሪሻር በአንድነት ተጠቅሰው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆክሽቴተር በሺምፐር ናሙና ላይ የጻፈውን ስም ሪሻር መግለጫ ጨምሮበት በሕግ ያጸናው መሆኑን ያመለክታል። ፌስቱካ ሲሜንሲስና ፖአ ሲሜንሲስ የተባሉት ሣሮች ስማቸውን ከስሜን ተራሮች ወስደዋል። ፖአ ሺምፐሪያና እና ሂፓሬኒያ ሺምፐሪ የሰብሳቢውን ስም ይዘዋል። ከሣር ውጭ ደግሞ ለከብት መኖ ተፈላጊ ከሆኑት ባለሦስት ቅጠል የክሎቨር ዝርያዎች አንዱ ትሪፎሊየም ሺምፐሪ ተብሏል። ለሰፌድና ለሙዳይ መሥሪያ የሚውለው ስንደዶም በቀድሞ ጽሑፎች ፔኒሴቱም ሺምፐሪ በሚል ስም ይገኛል፤ በኋላ በተደረገው ክለሳ ፔኒሴቱም ስፋኬላቱም በሚለው ሥር ተጠቃልሏል።

በየካቲት 1855 ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባለው፣ ሲሸነፍ ሺምፐር ሹመቱንና ገቢውን አጣ። ከዚያ በኋላ መተዳደሪያው ይበልጡን ለአውሮፓ ተቋማት የሚልከው ስብስብ ሆነ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በዐድዋ ሳይወሰኑ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን የመሰሉ ቦታዎችንም ይጨምራሉ። አፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጋጨ ጊዜ ሺምፐር በንጉሠ ነገሥቱ ቁጥጥር ሥር ከዋሉት አውሮፓውያን አንዱ ነበር፤ ነፃ የወጣውም በሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ትግራይ መሬት፣ አፈርና ዕፅዋት በጀርመንኛ የጻፈው ሰፊ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከመቅደላ በኋላ ወደ አገሩ አልገባም፤ ወደ ዐድዋ ተመለሰ። እዚያም በ1878 ሞተ። በኢትዮጵያ የኖረው 41 ዓመት ነው።

የሥራው ጽናት የተፈተነው ከሞተ ከ65 ዓመት በኋላ ነበር። በመጋቢት 1943 መጀመሪያ የበርሊን ዳህለም ሄርባሪየም በአየር ድብደባ ሲቃጠል አብዛኛው ስብስብ ጠፋ፤ ከአፍሪካ የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ የስያሜ ናሙናዎችም አብረው ወደሙ። አንድ ቅጂ ብቻ የነበራቸው ተክሎች መመሳከሪያቸውን አጡ። የሺምፐር ቁጥሮች ግን በሌሎች ከተሞች ተበትነው ስለነበር፣ በርሊን የነበረው ቢቃጠል እንኳ በፓሪስ ወይም በለንደን ካለው አቻው ምትክ መመሳከሪያ ለመምረጥ ይቻላል። ለአባላት ድርሻ ማካፈያ ተብሎ የተጀመረው የንግድ አሠራር ሳይታሰብ የዕውቀት መጠባበቂያ ሆነ።

ይህ ማለት ግን ማስረጃው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ሺምፐር በተለያዩ ዓመታት በተሠራጩት ክፍሎች ቁጥሩን ከአንድ ጀምሮ ስለደገመ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለትና ሦስት የተለያዩ ተክሎች አሉ። ክፍሉንና ዓመቱን ሳይጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ስሕተት ላይ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ስብስቡ በዐድዋ ዙሪያና በስሜን የተከማቸ በመሆኑ፣ አንድ ሣር በስብስቡ ውስጥ አለመገኘቱ በዘመኑ በሌላ አውራጃ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሦስተኛ፣ ሺምፐር የአገሬውን የተክል ስሞች ከነዋሪው ቢቀበልም፣ ሣሩ የት እንደሚያብብና ከብቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያውቁት እረኞችና ገበሬዎች ስም ከናሙናው ጋር አልተመዘገበም። በላቲን ስሞች የታተመው ዕውቀት አንድ ክፍሉ የእነርሱ ነው።

ብሔራዊው ሄርባሪየም በ1959 በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዘርዝር ፕሮጀክት ደግሞ በ1980 ተጀመረ። በሲልቪያ ፊሊፕስ የተዘጋጀው የሣር ቤተሰብ ጥራዝ በ1995 ታተመ፤ አጠቃላዩ ሥራም በ2009 ተጠናቀቀ። በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ የሺምፐር ቁጥሮች በተደጋጋሚ ይገኛሉ። እስከዚያው ድረስ በአውሮፓ ብቻ ይነበብ የነበረው ማስረጃ በአገር ውስጥ ከተሰበሰቡ አዳዲስ ናሙናዎች ጋር ጎን ለጎን የቀረበው በዚህ ሥራ ነው።

በደጋው አገር የጋራ ግጦሽ መሬት ወደ እርሻ ሲለወጥና የተረፈው ላይ ከብት ሲበዛ የሣሩ ዓይነት ይለወጣል። ከብት የሚመርጣቸው ሣሮችና ክሎቨሮች ይመነምናሉ፤ እንደ ስንደዶ ያሉ ጠንካራ ሣሮች፣ ከብቱ እምብዛም ስለማይወዳቸው፣ ቦታውን ይይዛሉ። ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ለመናገር ግን ቀድሞ የነበረው መታወቅ አለበት። በሶሎዳ ግርጌና በስሜን አምባዎች ላይ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ምን ይበቅል እንደነበር፣ ዛሬ ወደዚያው ቦታ ሄዶ ለሚያነጻጽር ተመራማሪ የመነሻ ነጥቡ የሺምፐር ወረቀቶች ናቸው።