ሕልምና ሒሳብ፤ የሮበርት ኦወን ሕይወት

ስለ ድርጅት አስተዳደር ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ የሮበርት ኦወን ስም በሁለት በኩል ይነሣል። በአንድ በኩል በዘመኑ ከታወቁት ትርፋማ ፋብሪካዎች አንዱን የመራ ብርቱ የሥራ ሰው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ድህነትና ጠብ የሌለበት ኅብረተሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊቆም ይችላል ብሎ ሀብቱን ያፈሰሰ ሕልመኛ ነበር። የዚሁ ሰው ሕልም በአንድ ስፍራ ፍሬ ሰጥቶ በሌላው ስፍራ ለምን እንደ ከሰመ መመርመር፣ ሰውንና መሣሪያን አጣምሮ የማሠራት ኃላፊነት ለተጣለበት ባለሙያ ሁሉ ይጠቅማል።

ኦወን እ.ኤ.አ. በ1771 በዌልስ አገር፣ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። አባቱ ኮርቻ ሠሪና የብረታ ብረት ዕቃ ሻጭ ነበር። ልጁ ገና በ10 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲደርስ፣ በማንችስተር ከተማ ድሪንክዎተር የተባለ ባለሀብት 500 ያህል ሠራተኞች የነበሩትን የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ እንዲያስተዳድር ቀጠረው። ኦወን በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ እየገባ፣ ማታ ከሁሉ በኋላ እየወጣ፣ አንድም ቀጥተኛ ትእዛዝ ሳይሰጥ ሥራውን ሲመለከት ቆየ። የኋላ ኋላ ስኬቱ የተመሠረተው በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

በ1799 በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የኒው ላናርክን ፋብሪካ ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ከዴቪድ ዴል በ60,000 ፓውንድ ገዛ፤ በዚያው ዓመትም የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ። በጥር ወር 1800 አስተዳደሩን ሲረከብ መንደሩ 2,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሩት። ከእነዚህም 500 የሚያህሉት ከድሆች መጠለያ የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ስካርና ስርቆት የተለመደ ነበር፤ ሠራተኛውም አዲሱን አስተዳዳሪ በጥርጣሬ ዓይን ይመለከተው ነበር።

ኦወን ሕፃናትን ከመጠለያ ማምጣት አቆመ፤ ከ10 ዓመት በታች የሆኑትንም ወደ ፋብሪካ ማስገባት ተወ። ጥሩ ሸቀጥ ከመግዣው ዋጋ ብዙ ሳይርቅ የሚሸጥበት መደብር ከፈተ፤ የመደብሩም ትርፍ ለትምህርት ቤት ዋለ። በየሠራተኛው አጠገብ ድምፅ የለሽ ተቆጣጣሪ የተባለ፣ አራት ገጽ ያለው ትንሽ እንጨት ተሰቀለ። ጥቁሩ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ጥሩ፣ ነጩ እጅግ ጥሩ ምግባርን ያመለክታል። የዕለቱ ቀለም በመዝገብ ይሰፍራል፤ ተበደልኩ የሚል ሠራተኛም ለኦወን አቤት ማለት ይችል ነበር። ዱላና ስድብ በአንዲት ቁራጭ እንጨት ተተኩ።

የሠራተኛውን ልብ በእርግጥ የከፈተው ግን ሌላ ነው። አስተዳደሩን ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሜሪካ የሚመጣው ጥጥ በእገዳ ምክንያት በመቋረጡ መሣሪያዎቹ ለአራት ወራት ቆሙ። ኦወን ማንንም ሳያሰናብት፣ መሣሪያዎቹን እያስጸዳ ሙሉ ደመወዝ ከፈለ፤ ወጪውም ከ7,000 ፓውንድ በላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬው ተወገደ።

ሸሪኮቹ ግን ለትምህርት ቤትና ለመኖሪያ ቤት የሚወጣው ገንዘብ አላስደሰታቸውም። በ1813 ፋብሪካው በሐራጅ ሲሸጥ ኦወን ከአዲስ ሸሪኮች ጋር ሆኖ በ114,100 ፓውንድ አስቀረው። ከእነዚህም አንዱ ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም ነበር። አዲሶቹ ሸሪኮች በካፒታላቸው ላይ በዓመት ከመቶ 5 ወለድ ብቻ ወስደው የቀረው ለሕዝቡ ጥቅም እንዲውል ተስማሙ። በጥር ወር 1816 ታላቁ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ በዚያ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የሥራው ቀን የምግብ ጊዜን ጨምሮ ወደ 12 ሰዓት ዝቅ አለ። የኋላው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ሳይቀር ከየአገሩ ብዙ ሰው ይህን ለማየት መጣ።

ይሁን እንጂ በዚህ መልካም ሥራ ውስጥ አንድ ስሕተት ተደብቆ ነበር። ኦወን የሰው ጠባይ በአካባቢው እንደሚቀረጽ በጽኑ ያምን ስለ ነበር፣ ቀራጩ እርሱ፣ የሚቀረጸውም ሠራተኛው እንደ ሆነ አድርጎ ያስብ ነበር። ሕዝቡ በደንቡ ላይ ድምፅ አልነበረውም። የቤታቸው ንጽሕና በመርማሪ ሲታይ ሴቶቹ እጅግ ተቆጥተው ነበር። ኦወን ፋብሪካውን ለባለቤቶች በጻፈው መጽሐፍ ሲያስረዳ፣ ለግዑዙ መሣሪያ የሚደረገው ጥንቃቄ ሕይወት ላለው መሣሪያም እንዲደረግ መከረ። ምክሩ ለዘመኑ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሰውን ከመሣሪያ ጎን ማሰለፉ አልቀረም።

ፓርላማው በ1819 ያወጣው የፋብሪካ ሕግ ኦወን ከጠየቀው እጅግ የላላ ሆነ። እርሱም ወደ ትልቁ ሕልሙ፣ ከ500 እስከ 1,500 ሰዎች በኅብረት ወደሚኖሩባቸው መንደሮች ፊቱን አዞረ። በ1825 መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት በዋባሽ ወንዝ ዳር፣ ጆርጅ ራፕ የተባለ ሰባኪ ከተከታዮቹ ጋር የሠራትን ከተማ ከነወርክሾፖቿ ገዝቶ ኒው ሃርመኒ ብሎ ሰየማት። ጥሪውን ለሁሉም ክፍት ስላደረገው በጥቂት ወራት ውስጥ 800 ያህል ሰው ተሰበሰበ። መካከላቸው የተከበሩ የሳይንስና የትምህርት ሰዎች ነበሩ፤ የሚያርስና መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ የሠለጠነ ሰው ግን አነሰ። ስለዚህ ወርክሾፖቹ ሥራ ፈቱ። የታታሪውና የሰነፉ ድርሻ በምን እንደሚለይ አልተወሰነም። ኦወን ራሱ በ1825 አጋማሽ ወደ ብሪታንያ ሄዶ እስከ ጥር 1826 አልተመለሰም። መተዳደሪያ ደንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ያህል ተለዋወጠ። በ1827 ማኅበሩ ሲፈርስ የኦወን ሀብት አብዛኛው አብሮ ጠፋ።

ስሕተቱ ታላቅ ነገር መመኘቱ አልነበረም፤ ኒው ላናርክም ያለ ምኞት አትለወጥም ነበር። በኒው ላናርክ ግን ሕልሙን የሚፈትኑት የዕለት መዝገብ፣ ሒሳብ የሚጠይቁ ሸሪኮችና አቤት የሚል ሠራተኛ ነበሩ። በኒው ሃርመኒ እነዚህ ሁሉ ጠፍተው ሕልሙ ብቻውን ቀረ። ሸሪኮቹ ለኦወን እንቅፋት መስለውት ነበር፤ በእርግጥ ግን ከመውደቅ ጠብቀውታል።

ኦወን በ1832 በለንደን የጉልበት ሰዓት በወረቀት የሚለወጥበት ገበያ አቋቋመ፤ እርሱም በ1834 ተዘጋ። በአንጻሩ በ1844 በሮችዴል ከተማ ጥቂት ሠራተኞች፣ ከእነርሱም የኦወን ተከታዮች የነበሩበት፣ የሸማቾች ኅብረት መደብር ከፈቱ፤ ሒሳባቸውን በጥንቃቄ ይዘው፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ሰጥተው ሠሩ። ዛሬ በዓለም ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደንባቸውን ከእነርሱ ወርሰዋል። ኦወን በኅዳር ወር 1858 በተወለደባት በኒውታውን ሞተ። የኒው ላናርክ መሣሪያዎች እስከ 1968 ሲፈትሉ ኖረው ቆሙ፤ መንደሩም በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።