ኢንተር በተጫንኩ ቁጥር የማስታውሰው ሰው

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የሲ ፕሮግራሚንግ ትምህርቴን ላቋርጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ካምቤል በምንኖርበት ቤት ሁሉም ከተኛ በኋላ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ አንዲት አጭር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ፕሮግራሟ መጀመሪያ ዕድሜ ትጠይቃለች፤ ቀጥላ «ይቀጥል?» ብላ አንድ ፊደል ትጠብቃለች። እሷ ግን ሁለተኛውን መልስ ሳትጠብቅ ታልፈዋለች። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሞክሬ ሲያቅተኝ ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም አልኩ። ነገሩ የገባኝ ስለ ዴኒስ ሪቺ ሳነብ ነው።

ሪቺ በ1941 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ተወለደ። አባቱ የቤል ላብስ ተመራማሪ ነበሩ። ሃርቫርድ ፊዚክስና ሒሳብ ተማረ፤ የዶክትሬት ጽሑፉን ቢያዘጋጅም ዲግሪውን ሳይወስድ ቀረ። በ1967 እሱም ቤል ላብስ ገባ። ከ1969 ጀምሮ ከኬን ቶምፕሰን ጋር ዩኒክስን ሠሩ፤ ጥቂት ቆይቶም ሲ ቋንቋን ፈጠረ። በ1983 ሁለቱ የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ።

ያኔ ዩኒክስን የሚጠቀሙት ቴሌታይፕ በሚባል፣ ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነበር። ወረቀት ላይ የታተመ ፊደል አይጠፋም። ስለዚህ የተሳሳተ ሰው የ«#» ምልክት ሲመታ ሲስተሙ የቀደመውን ፊደል ይሰርዝለታል። ለማረም ጊዜ እንዲኖር ደግሞ ሲስተሙ የተጻፈውን ይዞ ይቆያል፤ ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው መስመሩ ሲያልቅ ነው። ዛሬም ኮንሶል ላይ ኢንተር እስክንጫን ድረስ ፕሮግራማችን ዝም የሚለው በዚህ ልማድ ነው።

የእኔም ችግር እዚሁ ነበር። ኢንተር ራሱ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። 19 ብዬ ኢንተር ስጫን፣ ቁጥር የሚያነበው ትእዛዝ 19ን ወስዶ ኢንተሯን ትቷት ይሄዳል። ቀጥሎ አንድ ፊደል የሚጠብቀው ትእዛዝ እሷን እንደ መልስ ይቀበላታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መስመሩን በሙሉ አንብቦ ቁጥሩን ከውስጡ ማውጣት።

ዩኒክስ በ1970ዎቹ እዚሁ አጠገባችን በርክሌይ ደርሶ በተማሪዎች እጅ አድጓል። ከካምቤል ብዙ በማይርቀው ኩፐርቲኖ የሚነደፉት የአፕል ኮምፒውተሮችም ሥራቸው ከእሱ ይመዘዛል። ስቲቭ ጆብስ በጥቅምት 2011 ሲያርፍ ዓለም አለቀሰ። ሪቺ ከሳምንት በኋላ ኒው ጀርሲ ውስጥ ብቻውን ከሚኖርበት ቤት ሞቶ ተገኘ፤ ሐዘኑ በአብዛኛው የሙያው ሰዎች ሐዘን ሆኖ አለፈ።

ዘንድሮ የጀመራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ፕሮግራማችሁ ጥያቄ ሲዘልባችሁ ራሳችሁን አትጠራጠሩ። መጀመሪያ የቀረች ኢንተር መኖሯን እዩ።