በአውሬዎች አፍ የተናገሩት በጅሮንድ

የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ሰው እንደ ብዙዎቻችን በልጅነታቸው ከአገር የወጡ ነበሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ።

የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ነው። ሐረር በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ከአድዋ ድል በኋላ፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ወደ ሩሲያ ሄዱ። እዚያ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ ቀጥሎም ምዕራብ አውሮፓ እርሻ አጠኑ።

አገር ቤት ሲመለሱ ቴአትር አለ ተብሎ ተጋበዙ። ያዩት ግን ዘፈንና ጭፈራ ነበር። አውሮፓ ቴአትር ላዩ ሰው ይህ አልተዋጠላቸውም፤ ራሳቸው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው የዘመኑን ሹማምንት ጉቦና ኋላ ቀርነት በእንስሳት አፍ ተቹ። በነርስነት ትምህርታችን ለሕፃን መራራ መድኃኒት ከጣፋጭ ጋር ይሰጣል፤ የእሳቸውም ዘዴ ያው ይመስለኛል። ታካሚው ግን ምሬቱን ቀመሰው! ተውኔቱ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ ሲታይ፣ ሰሙ ብቻ ሳይሆን ወርቁም ገባቸው። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት፤ መድረኩም እስከ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ፣ እስከ 1923 ዓ.ም.፣ ቀዝቅዞ ቆየ።

እኔን የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። ሩሲያኛም ፈረንሳይኛም ያውቁ ነበር፤ በእነዚያ ቢጽፉት ማንም አይቆጣም ነበር። በአማርኛ ስለጻፉት ነው ነገሩ የከበደው። ታኮማ ፓርክ ያደግን ልጆች በባህል ምሽታችን ጭውውት ስንሠራ፣ ቁም ነገሩ ላይ ስንደርስ ወደ እንግሊዝኛ እንሸሻለን፤ አማርኛው ለቀልድ ብቻ ይቀራል። እሳቸው ቀልዱንም ቁም ነገሩንም በአንድ ቋንቋ ያዙት።

ሹመቱን በአጭሩ ልለፈው፦ ጨርጨርን ገዙ፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፣ የጃፓንን ሕግ አርአያ አድርገው የ1923ቱን ባለ 55 አንቀጽ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከወረራው በኋላ ለረጅም ዓመታት በስደት ማዳጋስካር ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ»ን የጻፉት ደራሲ ናቸው።

በጅሮንድ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። እናቴ ማታ ማታ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ገና ሩሲያ ላይ ነን።