አንደርስ ዮናስ ኦንግስትሮም
አንደርስ ዮናስ ኦንግስትሮም (ኦገስት 13 ቀን 1814 – ጁን 21 ቀን 1874 እ.ኤ.አ.) የስዊድን የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የፀሐይን ስፔክትረም (ኅብረ ቀለም) መስመሮች የሞገድ ርዝመት በመለካት ለሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች መነጻጸሪያ የሆነ ካርታ አዘጋጅቷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወት
ኦንግስትሮም ሎግዶ በተባለ ቦታ ከቄስ አባት ተወለደ። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1839 በዚያው ማስተማር ጀመረ። በ1858 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚህ ሥራ ቆየ።

ሥራዎቹ
በ1853 የጋለ ጋዝ የሚያመነጨው ብርሃን ራሱ ሊውጠው የሚችለው ዓይነት ብርሃን መሆኑን አስረዳ። በ1862 ፀሐይ ላይ ሃይድሮጅን መኖሩን አስታወቀ። በ1867 ደግሞ የሰሜን ዋልታ ብርሃንን ስፔክትረም ለመጀመሪያ ጊዜ መረመረ።

ከእርሱ በፊት ኪርኮፍ የፀሐይን ጥቁር መስመሮች ካርታ ሠርቶ ነበር። ሆኖም የኪርኮፍ ቁጥሮች የተመሠረቱት በገዛ መሣሪያው መለኪያ ላይ ስለነበር፣ በሌላ መሣሪያ ከተገኘ ውጤት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር። ኦንግስትሮም ግን እጅግ የተቀራረቡ ጭረቶች ባሉበት መስታወት ብርሃኑን በትኖ የ1000 ያህል መስመሮችን የሞገድ ርዝመት ለካ። ውጤቱን በ1868 ሲያሳትም የተጠቀመበት አሃድ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነበር። ይህ አሃድ ዛሬ በስሙ «ኦንግስትሮም» ይባላል።

የሜትሩ ስሕተት
የልኬቱ ሁሉ መሠረት በኡፕሳላ የነበረ የሜትር ዘንግ ነበር። ዘንጉ ፓሪስ ውስጥ ሲነጻጸር የተገኘው ውጤት ትክክል ስላልነበረ፣ የሞገድ ርዝመቶቹ በሙሉ ከ7000 ወይም ከ8000 አንድ እጅ ያህል ተዛነፉ። ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም የኮከብን ፍጥነት ከመስመሮቹ መንሸራተት ለሚያሰላ ሰው በሰከንድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። ኦንግስትሮም ከሞተ በኋላ የሥራ ባልደረባው ሮበርት ታሌን በ1884 እርማቱን አሳተመ።

ከሞቱ በኋላ
የስዊዘርላንዱ መምህር ዮሃን ባልመር በ1885 የሃይድሮጅን መስመሮችን ቀመር ያገኘው በኦንግስትሮም ልኬቶች ተመርኩዞ ነው። ኒልስ ቦርም በ1913 ይህን ቀመር በአቶም ሞዴሉ አብራራ። በ1907 አሃዱ በሜትር ዘንግ መመሥረቱ ቀርቶ በካድሚየም ቀይ መስመር ተወሰነ፤ ይህም የኡፕሳላው ዓይነት ስሕተት እንዳይደገም ረድቷል።