ዶክተር አልበርት ሳቢን እና የልጅነት ልምሻ ጠብታ

ለሕፃናት በአፍ የሚሰጠው የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ክትባት የዶክተር አልበርት ሳቢን የምርምር ውጤት ነው። ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1906 ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኘው ቢያሊስቶክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በ1921 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የጥርስ ሐኪም የነበሩት አጎታቸው ሙያቸውን እንዲከተሉ በማሰብ የትምህርት ወጪያቸውን ቢሸፍኑላቸውም፣ ሳቢን ግን ሕክምናን መርጠው በ1931 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከተማዋን የመታው የፖሊዮ ወረርሽኝ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ወሰነላቸው።

በወቅቱ ብዙ ተመራማሪዎች ቫይረሱ በአፍንጫ ገብቶ በቀጥታ ወደ ነርቭ ይዘልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ሳቢን በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ከባልደረባቸው ጋር መርምረው ቫይረሱን በአንጀት ውስጥ አገኙት። ቫይረሱ በሰገራ በተበከለ ውኃ፣ ምግብና እጅ አማካይነት በአፍ ይገባል፤ በአንጀት ይራባል፤ ከ200 በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች በአንዱ ገደማ ወደ ነርቭ አልፎ አካልን ያሽመደምዳል። የቀሩት ሳይታወቅባቸው ለሌሎች ያስተላልፋሉ።

በ1955 ይፋ የሆነው የዶክተር ዮናስ ሶልክ ክትባት በሞተ ቫይረስ የተዘጋጀና በመርፌ የሚሰጥ ነበር። በደም ውስጥ መከላከያ በመፍጠር ነርቭን ይጠብቃል፤ የአንጀትን በር ግን አጥብቆ አይዘጋም። ሳቢን ሦስቱን የቫይረስ ዓይነቶች አዳክመው፣ ጠብታው በራሱ በአንጀት መከላከያ እንዲፈጥር አደረጉ። አስቀድመው ራሳቸው ወሰዱት፤ ለባለቤታቸውና ለሴት ልጆቻቸውም ሰጡ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ሕፃናት የሶልክን ክትባት ወስደው ስለነበር ሰፊው ሙከራ የተካሄደው በሶቪየት ኅብረት፣ ከዶክተር ሚካኤል ቹማኮቭ ጋር ነው። ሁለቱ መንግሥታት በጠላትነት በሚተያዩበት ዘመን ሚሊዮኖች ሕፃናት ተከተቡ። ሳቢን በግኝታቸው የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም።

የሶልክን ክትባት አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልፈረደላቸውም፤ ዛሬ ሁለቱም ይሰጣሉ።

ጠብታው መርፌ ስለማይሻ በዘመቻ ወቅት ቤት ለቤት ለመስጠት ያመቻል። እንደ ሐብሩ ወረዳዋ ግራና ላሉ የገጠር አካባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉ በሽታው ገና በአፍሪካ ነበር፤ አህጉሪቱ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው።

ሆኖም ብዙ ሕፃናት ሳይከተቡ በቀሩበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ለረጅም ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ባሕርዩን ለውጦ ልምሻ ሊያስከትል ይችላል። ይህ በሀገራችንም አጋጥሟል። ጠብታው እንደተወለዱ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ በ14ኛው ሳምንት በመርፌ የሚሰጠው ይጨመራል። አገልግሎቱ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ቀጠሮ ያለፈበት ሕፃንም ካቆመበት ይቀጥላል።