የአበበ ቢቂላ እጆች

የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ እግሩ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ማሸነፉን የማያውቅ ተማሪ በትምህርት ቤታችን አለ ብለን አንገምትም፤ አንደኛ ክፍል ያሉት ሕፃናት እንኳ ፎቶግራፉን ሲያዩ ስሙን ይጠራሉ። እኛ ግን በዘንድሮው የዓመት መጽሔት ስለ እጆቹ ልንጽፍ ወደናል። (ታላቅን ሰው «አንቱ» ማለት ልማዳችን ሆኖ ሳለ አበበን «እሱ» እያልን መጻፋችን ወላጆችን ቅር እንዳያሰኝ። ሕዝቡ ሁሉ እንደ ቤቱ ልጅ የሚጠራው ሰው ስለሆነ ነው።)

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። በዚያው ቀን በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር፤ እርግጥ ጃቶ ውስጥ ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅነቱን ያሳለፈው እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ነው፤ ገና መጫወትም ይወድ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ ገባና በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ ስለ አሯሯጥ ያስተማረው ሰው የለም።

ያን ጊዜ በአገራችን አንድ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ሜጀር ኦኒ ኒስካነን። ፊንላንድ ተወልደው ስዊድን ያደጉ ሲሆን ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በማስፋፋት ሥራ ላይ ቆይተው የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ ነበር። አበበን ያገኙት ከእነዚህ ወታደሮች መካከል ነው። እኛ አስተማሪዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ኒስካነን መጀመሪያ ያዩት ሯጭ በኋላ ዓለም የተደነቀበት ሯጭ አልነበረም። ጉልበት ነበረው፤ ትዕግሥትም ነበረው። ሚዛኑ ግን ጥሩ አልነበረም፤ እጆቹንም ከመጠን በላይ ያወናጭፍ ነበር።

ሩጫ የእግር ሥራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቀኝ እግር ወደ ፊት ሲሄድ ግራ እጅ አብሮ ወደ ፊት ካልሄደ ሰውነት ይጣመማል። እጅ ደረትን አቋርጦ ወዲያና ወዲህ ሲል ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ወገብ ይከተለዋል፤ እግርም ወደ ፊት መሄዱን ትቶ የተጣመመውን ሲያቃና ይውላል። ጡጫውን ጨብጦ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ሳያውቀው ክንዱን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ በመጨረሻም ትንፋሹን ያስራል። መቶ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ጥፋት ጥቂት ጊዜ ያስከፍለው ይሆናል። ማራቶን ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከ20 ሺህ እርምጃ በላይ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ጥቂት ጉልበት የሚያፈስ ሰው ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከረጢቱ ባዶ ነው።

የኒስካነን ሥራ ይህን ማቃናት ነበር። አበበ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ድረስ የሚሮጠውን ረጅም ሩጫ አላስተዉትም፤ ይልቅስ ሥርዓት አበጁለት፤ ረጅሙን መንገድ ከፈጣን ሩጫ ጋር አፈራረቁለት፤ ሰዓትም ያዙለት። የአበበ አቋም የተለወጠው በዚህ ዓይነት በወራትና በዓመታት ልምምድ ነው። የክብር ዘበኛው ልጅ ቀጥ ብሎ፣ ራሱን ሳይነቀንቅ፣ እጆቹን ዝቅ አድርጎና ወደ ጎኑ ሰብስቦ የሚሮጥ ሰው ሆነ።

ይህን የምንለው አንድ የቆየ ተረት ስላለ ነው። አበበ በመጨረሻ ሰዓት በሌላ ሰው ምትክ ሮም ሄዶ ሳይታሰብ አሸነፈ ይባላል። እንዲህ ሲነገር ታሪኩ ይጣፍጣል፤ ለልጆች ግን መጥፎ ትምህርት ነው፤ ተሰጥዖ ያለው ሰው ሥልጠና አያስፈልገውም የሚል ስሜት ያሳድራል። እውነቱ ሌላ ነው። አበበ በ1956 እ.ኤ.አ. በጦር ኃይሎች ውድድር ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል። በ1960 ክረምት ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገብቷል፤ ይህም ኤሚል ዛቶፔክ ከያዘው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ! ኒስካነን የያዙትን ሰዓት ያውቁ ነበር። ያላወቀው የቀረው ዓለም ነው።

ዛቶፔክን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ያ ታላቅ የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ራሱን እያወዛወዘ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ የሚታመም ሰው መስሎ ነበር የሚሮጠው፤ ሆኖም በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ሦስት ወርቅ ወስዷል። ስለዚህ የማያምር አሯሯጥ ሁሉ መሸነፍ አይደለም። አሠልጣኝ ማየት ያለበት የቱ ጉልበት እንደሚያባክንና የቱ ለዓይን ብቻ እንደሚያስቀይም ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ እኛም በዚህ ዓመት ተሳስተንበታል።

በስፖርት ቀናችን ዝግጅት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከዱላ ቅብብል ቡድን ቀርቶ ነበር። ሲሮጥ ክርኖቹ እንደ ዶሮ ክንፍ ይከፈታሉ፤ ልጆቹ ሳቁበት፤ እውነቱን ለመናገር ከመምህራኑም ፈገግ ያልን ነበርን። ሰዓቱን ኋላ ስናየው ከክፍሉ ሁለተኛው ፈጣን ልጅ ነበር። ሰዓቱን ማንም ልብ ብሎ አላየውም፤ ያየነው ክርኑን ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ከዚያ በኋላ ልጁን ለብቻው ይዘው አንድ ነገር ብቻ ሰጡት፤ እጆቹን ወደ ኋላ እንዲነዳ። ስለ አንገቱም፣ ስለ እግሩም፣ ስለ ትንፋሹም ምንም አላሉትም። በአንድ ጊዜ አሥር ትእዛዝ የተሰጠው ልጅ መሮጡን ትቶ ማሰብ ይጀምራልና። ይቅርታ የጠየቅነው ዘግይተን ቢሆንም ጠይቀነዋል።

ወደ ሮም እንመለስ። ውድድሩ የተካሄደው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ለአበበ የሚመች ጫማ አልተገኘም፤ አዲሱ ጫማ እግሩን ያስከፋው ነበር። እዚህ ላይ ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን፣ በዓለም ፊት በባዶ እግር መሮጥ አያምርም ብሎ ጫማውን በግድ ያስደርገው ነበር። ኒስካነን ግን አበበ በባዶ እግሩ ሲለማመድ አይተውታል፤ ሰዓቱን ያውቁታል፤ ጉዳት እንደሌለውም ያውቃሉ። ስለዚህ እጁን ያረሙት ሰው እግሩን አልነኩትም። ከታሪኩ ሁሉ በላይ እኛ የምናደንቀው ይህን ነው።

በእርግጥ ኒስካነንም የማያውቁት ነበር። ለአበበ ከነገሩት አንዱ ራዲ ቤን አብደሰላም የተባለውን የሞሮኮ ሯጭ እንዲጠነቀቅ ነበር፤ ቁጥሩ 26 እንደሚሆንም ነገሩት። ራዲ ግን የተሰጠውን አዲስ ቁጥር ሳይወስድ፣ አሥር ሺህ ሜትር የሮጠበትን 185 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ። አበበም ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ቁጥር 26ን ወደ ፊት እያየ ሲፈልግ ነበር። መንገዱ ጨለመ፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው አበሩ። ከዚያም ለፍጻሜው ጥቂት ሲቀር፣ ጣሊያኖች ከአገራችን ወስደው ሮም ያቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ፣ አበበ አፈተለከ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ገና በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነው፤ ማንም ሰው ከዚያ በፊት በዚያ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም ነበር። ራዲ የገባው 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። አበበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ፤ እንደ ገባም መሬት ላይ አልወደቀም፤ እየተጎነበሰ የእግሩን ጣት መንካትና በቆመበት መሮጥ ጀመረ።

የተሟላውን አሯሯጥ ማየት የሚፈልግ ግን ከሮም ይልቅ ቶኪዮን ይመልከት። ኮን ኢቺካዋ የተባሉት ጃፓናዊ የፊልም ሰው ስለ 1964ቱ ውድድር በሠሩት ፊልም ላይ አበበ ብቻውን ሲሮጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይታያል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ትከሻው አይነሳም። እጆቹ ከወገቡ ከፍ ብለው ያለ ግርግር ይመላለሳሉ። ይህ ሰው ከውድድሩ አርባ ቀን ያህል ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት የሚያይ ሰው አያምንም። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገብቶ ተከታዩን በአራት ደቂቃ በለጠ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያም ሜዳው መሐል ገብቶ ሌሎቹ እስኪመጡ ጂምናስቲክ ሠራ።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ ቅልጥሙ ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ሸኖ አጠገብ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ እጆቹም ጭምር አይታዘዙለትም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሮቹ አልተመለሱም፤ እጆቹ ግን ተመለሱለት።

ያን ጊዜ 37 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ቁጭ ብሎ አዲስ ነገር መማር ጀመረ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተሳተፈ፤ ጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ወንበር 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና አሸነፈ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። ሜጀር ኒስካነን ከእሱ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖረው እ.ኤ.አ. በ1984 ዐረፉ።